ስንወድቅ ለቆጠሩልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅና የድርጅቱ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የበላይ ጠባቂ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ የእርስዎ ጉልበት፣ የእርስዎ ወገብና የእርስዎ ቁርጭምጭሚት ሁልጊዜ ደህና እንዲሆንልን ከልባችን እንመኛለን። በአዳራሻችን የክብር ሶፋ ላይ ተቀምጠው ጨዋታ ሲከታተሉ አንድም ቀን ሲወድቁ አይተንዎት ስለማናውቅ፣ ለዚህ ጽናትዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ማለፍ ነውር መስሎ ታየኝ። ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ጨዋታው ሳያልቅ መኪናዎን አዙሮ ለሚጠብቅዎት ሹፌርዎ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

እኔን ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ቢሮዎ ባለፈው ክረምት «ነባር» ብሎ ካሰናበታቸው ሦስት ተጫዋቾች አንዷ፣ የቡድኑ አምበል የነበርኩት ነኝ፤ ልጆቹ እትዬ ይሉኛል። ከሜዳ ውጪ የድርጅትዎ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። በየሰዉ ግቢ እየገባሁ፣ ውሻ እየጮኸብኝ፣ የቤት እመቤት ሒሳቡ በዛብኝ እያለች እየተቆጣችኝ የምውል የራስዎ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ይህን ደብዳቤ ከፈረምኩ በኋላ ምን ሊከተለኝ እንደሚችል በሚገባ አውቃለሁ። በጋዜጣ ላይ በአደባባይ ያወጣሁትም ድፍረት ተርፎኝ አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን እየነገረች ስለምትመልሰኝ፣ ከዚያ ሁሉ ስብሰባ መካከል ጋዜጣ ገለጥ የሚያደርጉባት አንዲት ደቂቃ አትጠፋም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ ስለ አሸኛኘታችን አመሰግናለሁ። እኔን፣ በድርጅቱ ክሊኒክ የምትሠራውን ነርሷንና ሒሳብ የምታስተምረውን መምህርቷን፣ ወጣትነታችንን በዚያ ሜዳ ላይ ያራገፍነውን ሦስታችንን፣ ቢሮዎ በሰው ኃይል ክፍሉ ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ ፊርማ ሊያስፈርም የተሰለፈ ባለጉዳይ ሁሉ እያየን፣ የድርጅቱ ዓርማ ያለበት ጃንጥላ አንዳንድ ሰጥቶ ሲያሰናብተን፣ እርስዎ ንግግር ባለማብዛትዎ፣ እንዲያውም ጭራሽ ባለመምጣትዎ፣ ቶሎ ወደየቤታችን ለመሄድ ችለናል። ነርሷ ጃንጥላዋን እዚያው ከፍታ ስታየው አንዱ ዘንግ ታጥፎ ስላገኘችው፣ ይኼም ነባር ሳይሆን አይቀርም ብላ አሳቀችን። ደረጃውን እስክንወርድ ስቀናል፤ ከደረጃው በታች ግን የሳቀ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ አዳራሹ። የውሃ ድርጅት ክለብ ሆነን ውሃ ተቸግረናል ብለው የሚያሙንን ሰዎች ሁልጊዜ አስተባብላለሁ። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ቧንቧዎች ከተተከሉ ጀምሮ ጠብታ ወጥቷቸው ባያውቅም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጣሪያው የቧንቧዎቹን ድርሻ ጭምር ይወጣል። ከግራው ቅርጫት በታች፣ ከመስመሩ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ አንድ ሰማያዊ ባልዲ ይቀመጣል፤ ልጆቻችን ሳያዩት መዞር ስለለመዱ፣ እንግዳ ቡድኖች ግን ዘወትር በእግራቸው ስለሚመቱት፣ በሜዳችን መጫወት የሚሰጠን ጥቅም ይህ ባልዲ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጥገና ጥያቄው ጠረጴዛዎ ላይ እንዳለ ስለማውቅ በዚህ አልጨቀጭቅዎትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቆጠራው፤ ይህ ሰፋ ያለ ምስጋና ስለሚገባው ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል አዳራሹ ድረስ መጥተው ለቀሩት ወጣቶች ንግግር ሲያደርጉ፣ እኔ የሳጥኔን ቁልፍ ልመልስ መጥቼ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከጎንዎ የነበረው የዕቅድና ግምገማ ባለሙያ ባለፈው ዓመት ነባሮቹ በጨዋታ መካከል ስንት ጊዜ መሬት ላይ እንደተዘረርን ቆጥሮ አቀረበ፤ ቁጥሩን አልደግመውም፣ ትልቅ ነበር። እርስዎም ቀጥለው፣ በወደቅን ቁጥር ጎንበስ ብለው እጅ እየሰጡ የሚያነሱን ወጣቶቹ እንደነበሩ በዓይንዎ ማየትዎን፣ እነዚህ ልጆች የራሳቸውን ጨዋታ ትተው አሮጊት ሲያነሱ መዋላቸው አንጀትዎን እንደበላው ገለጹ። በመጨረሻም ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሜዳ ላይ የሚወድቅ የለም፤ የሚወድቅ ካለም ቦታው እዚህ አይደለም» አሉ። ያጨበጨቡት ባለሙያውና ሹፌርዎ ነበሩ። ልጆቹ ዞረው እኔን አዩኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቆጠራው አልተሳሳተም። ወድቀናል፤ ያን ያህል ጊዜ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። እንዲያውም የመውደቅ ተራ ነበረን፤ ከጨዋታ በፊት ጫማችንን እያሰርን ዛሬ ተራው የማን እንደሆነ እንጠያየቅ ነበር። ነገሩን ለማንም ተናግረነው ስለማናውቅ ባለሙያዎ ባይደርስበት አይፈረድበትም፤ ስለዚህ እኔ ራሴ በትሕትና ላስረዳዎ።

አሠልጣኝ ጨዋታ አቁሞ ቡድኑን የሚያሳርፍባት ታይም አውት የምትባለው ነገር ጥቂት ናት፤ የመጨረሻው ሩብ ሲጋመስ ብዙ ጊዜ አልቃለች። ወጣት ተጫዋች ደግሞ ደከመኝ አትልም፣ አመመኝም አትልም፤ በዚያ ዕድሜ ደከመኝ ማለት ከሞት ይከብዳል። እኛ ግን እጃቸውን እናያለን። ተጋጣሚ የቅጣት ኳስ ሲወረውር ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጣል ያደረገች ልጅ ትንፋሽ አጥሯታል፤ ያለወትሮዋ ከዳኛ ጋር መነታረኩን የተወች ልጅ የሆነ ቦታ አሟታል። ይህን ጊዜ ተራዋ የሆነችው ነባር ትንሽ ገፋ ሲያደርጓት ዘጭ ብላ ትወድቅና ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ታቃስታለች፤ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ጨዋታው ይቆማል። መምህርቷ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ተጠንቅቃ ስለምትወድቅ ማንንም አታሳምንም ነበር። ነርሷ ግን ሕመም በየቀኑ የምታይ ስለሆነች ስታቃስት እኔንም ታስደነግጠኝ ነበር።

ያነሱን ነበር ያሉትም እውነት ነው፤ ደንባችን ስለነበር። የወደቅነው ለማን እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች፣ እሷው መጥታ ታነሳናለች። ቀስ ብላ ትመጣለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ እጃችንን ትይዛለች፤ በዚህ ሁሉ መካከል ትተነፍሳለች። እኛም ከታች ሆነን የቱ ጋ እንዳመማት እንጠይቃታለን። ለአሠልጣኙ የማትናገር፣ ለሐኪም የምትዋሽ ልጅ መሬት ላይ ለተጋደመች ሴት እውነቱን ትናገራለች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሕመሙ የሚያሰጋ ከሆነ በአሠልጣኙ ጆሮ ሹክ እንላለን፣ እሷም ሳታፍር ትቀየራለች። ዳኞቹ ሳይነቁብን የቀሩ አይመስለኝም፤ አንድ ሸምገል ያሉ ዳኛ አንድ ቀን አጠገቤ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ አላበዛሽውም?» ብለውኛል።

ይህ በስፖርት ሕግ ዓይን የሚያስመሰግን ሥራ ነው ብዬ አልከራከርም። ብቻ በእኛ ጊዜ ከዚህ ቡድን በቃሬዛ የወጣች ወጣት አልነበረችም፤ ይህንን ግን የቆጠረልን የለም። ቆጣሪ ሳነብ የምውል ሰው ስለሆንኩ ነገሩ አይገርመኝም፤ ቆጣሪው ስንት ውሃ እንዳለፈ ያሳየኛል እንጂ ማን ጠጣው፣ ማን ታጠበበት ብለው ቢጠይቁት መልስ የለውም።

ልጆቹ ይህን ልማድ በራሳቸው ሊቀጥሉት ይችሉ ነበር ይሉኝ ይሆናል። አልቻሉም፤ ንግግርዎ በሚገባ ገብቷቸዋልና። የሚወድቅ ይቆጠራል፣ የተቆጠረ ጃንጥላ ይሰጠዋል። እነዚህ ልጆች ጃንጥላ አይፈልጉም፤ ከሩቅ የመጡት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ በተደራረበ አልጋ ነው የሚኖሩት፤ ክለቡ ከሌለ ክፍሏም የለችም።

አራተኛ፣ ስለ ውጤታችንና ስለ ጥሎ ማለፉ። ወጣቶቹ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች እንደ እሳት እየተንቀለቀሉ አሸንፈው፣ ከተማው ሁሉ ስለ እነሱ ሲያወራ፣ እርስዎ በሬዲዮ ቀርበው ቡድንዎ ያለ ጥርጥር ከአራቱ አንዱ ሆኖ ጥሎ ማለፉን እንደሚቀላቀል፣ ይህም የመተካካቱ ፍሬ እንደሆነ ሲያበሥሩ ሰምተን ደስ ብሎናል። በዚያው ትንፋሽ፣ ውጤት ከሌለ ግን የድርጅቱ ሥራ ውሃ ማደል እንጂ ኳስ ማንጠር ስላልሆነ ክለቡን መዝጋት ግድ እንደሚሆን መጨመርዎም ልጆቹን እንዴት እንዳበረታታቸው ልነግርዎ እወዳለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልምምድ ላይ የሳቀች ልጅ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል፤ የእርስዎ ሹፌር ከእረፍት በኋላ መኪናውን ስለሚያዞር ሁለተኛውን አጋማሽ ላያዩት ቢችሉም እንኳ። በመጀመሪያው አጋማሽ ይመራሉ፣ በሦስተኛው ሩብ እኩል ይሆናሉ፣ በመጨረሻው ይሟሟሉ። ጋዜጣው ልምድ ማነስ ይለዋል። እኔ ከተመልካች ወንበር ሆኜ የማየው እጅ ነው፤ በየጨዋታው ሁለት እጅ ጉልበት ላይ ያርፋል፣ የሚወድቅ ሰው ይጠፋል።

ዛሬ አምስተኛ ነን። ቅዳሜ በሜዳችን አራተኛ ላይ ያለውን ቡድን ካሸነፉ ያልፋሉ፣ ካልሆነ የለም። ዕድላቸውን እንደ ቀድሞ አምበል ብጠየቅ፣ ያለ አንዳች ቅናት የምመሰክረው ልጆቹ በእነሱ ዕድሜ ከነበርነው ከእኛ እንደሚበልጡ ነው። ስትስቅ ፊሽካ የነፋች ስለሚመስል ፊሽካ የምንላት ኳስ አቀባያችን፣ እኔ በሕልሜ እንኳ ያላየሁትን ቀዳዳ እያየች ኳስ ታሳልፋለች። ልብ አላነሳቸውም፤ ያስቸገራቸው የልባቸው ብዛት ነው። ባለፈው እሑድ ማለዳ ቢጠይቁኝ ኖሮ ያልፋሉ ብዬ እወራረድ ነበር።

አምስተኛውን ምስጋና ብዕሬ እምቢ ስላለኝ ያለ ቁጥር እጽፈዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሚጢጢ የምትባለውን ተጫዋችዎን ያውቋታል፤ ፎቶግራፏን በድርጅቱ ዋና በር ላይ ሰቅለውታልና። የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔና እናቴ ነን ያሳደግናት። ሚጢጢ ያሏት ከቡድኑ ሁሉ ረጅሟ ስለሆነች ነው፤ እናቴ በየቀኑ ግንባሯን ስትመታ ማየት ሰልችቷት የወጥ ቤታችንን በር ጉበን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላዋለች። በሜዳ ላይ እንደ ሌሎቹ እትዬ ትለኛለች፣ ቤት ስንገባ አክስቴ ትለኛለች፤ ሁለቱን አደባልቃቸው አታውቅም።

የቀኝ ጉልበቷ ማበጥ ከጀመረ ቆይቷል። በረጅም ካልሲ ትሸፍነዋለች፤ ቤት ውስጥ ማዕድ ስንቀርብ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግታ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ታስደግፍበታለች፣ እኛም ያላየን ይመስላታል። ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፣ በእናቷ ነፍስ አስማልኳት። ውድድሩ ሲያልቅ እታከማለሁ አለችኝ፤ እሷ ብትቀመጥ ከቅርጫቱ ተመላሽ ኳስ የሚለቅም እንደሌለ፣ ኳስ ካልተለቀመ እንደሚሸነፉ፣ ከተሸነፉ ክለቡ እንደሚዘጋ፣ ከተዘጋ ፊሽካ ሻንጣዋን ይዛ እንደምትሄድ እያብራራች አፌን አስያዘችኝ። አሠልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። መልካም ልጅ ነው፤ መሬት መሬት እያየ፣ እሷን አስቀምጦ ቢሸነፍ ምን ብሎ ሪፖርት እንደሚያደርግ ጠየቀኝ። አልተቀየምኩትም፣ እሱም የሚቆጠር ሰው ነው።

እሑድ ዕለት ሦስታችን ጣሪያው በማያፈስበት በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። የመጨረሻው ሩብ ላይ፣ ተጋጣሚ የቅጣት ኳስ ሊወረውር ሲዘጋጅ፣ ሚጢጢ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። መምህርቷ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሳንነጋገር ሦስታችንም ከመቀመጫችን ተነሳን፤ ከኋላ ያለው ሰው ተቀመጡ እያለ ይጮህብናል፣ እኛ ግን ሰውነታችን ለመውደቅ ተዘጋጅቶ የሚወድቅበት ሜዳ አጥቶ ቆመናል። አሠልጣኙ ታይም አውቱን ጨርሷል። ከሜዳው አምስት ልጆች መካከል አንዷም አልወደቀችም።

ኳሱ ከቅርጫቱ ጠርዝ ሲመለስ ዘለለች፤ ያዘችውም። ስታርፍ ግን ጉልበቷ ጉልበት በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። ነርሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሚጢጢ ኳሱን ለፊሽካ አቀበለችና አልወደቀችም፤ በአንድ እግሯ እያነከሰች ወደ መከላከያ ቦታዋ ተመለሰች፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች፣ ደወሉ እስኪደወል እንደዚያው ቆማ ቆየች። በአንድ ኳስ አሸነፉ። ልጆቹ መሀል ሜዳ ላይ ተቃቅፈው ሲጮሁ እሷ የቅርጫቱን ምሰሶ አቅፋ ነበር። ሮጬ ስደርስ ከንፈሯን ነክሳው ደም ይወርዳል፤ ገና ሳልነካት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣

«አክስቴ፣ አልወደቅኩም እኮ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ጊዜ ተሸንፌ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ድል ያንገበገበኝ ሽንፈት ግን የለም። ልጄን ምሰሶው ሥር ይዣት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደጋፊው የደስታ መስሎት ለእኔም አጨበጨበልኝ።

ሐኪሙ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ መበጠሱን፣ ከተበጠሰ በኋላ ደግሞ ስለቆመችበት በውስጡ ያለው ሁሉ መፈጨቱን ነገረን። ያን ጊዜውኑ ብትወድቅ ኖሮ የተሻለ ይሆን እንደነበር በሐኪም አነጋገር አስረዳን። ስለ መራመዷ ተስፋ ሰጠን፤ ስለ መዝለሏ ስንጠይቀው ተመልሶ ስለ መራመዷ ተስፋ ሰጠን። እናቴ ቤት ስትገባ በመጀመሪያ ያደረገችው የበሩን ጉበን ቀና ብላ ማየት ነው፤ ብርድ ልብሱን ግን አላወረደችውም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስገባ፣ በዋናው በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ባነር ሚጢጢ በአንድ እግሯ ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ከሥሯ «በጽናት የተገኘ ድል» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ፎቶግራፉ በጣም ጥሩ ወጥቷል፤ ያነሳው ሰው ሞያውን ያውቃል። በየቀኑ ጠዋት ከሥሩ አልፌ ስገባ፣ ማታም አልፌ ስወጣ፣ እርስዎን ሳላመሰግን የቀረሁበት ጊዜ የለም።

አሁን አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ወደ ሜዳ ይመልሱን አልልም፤ የተጫዋቾች ምዝገባ መዘጋቱን አውቃለሁ፣ ጃንጥላዬንም ለምጄዋለሁ። ሐዘኔታም ካሳም አልጠይቅም። ነገር ግን ፊሽካ ከሰሞኑ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ጫማዋን ብቻዋን ማሰር ጀምራለች፤ ቁርጭምጭሚቷን ሰው እንዳያይባት ነው። ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ደግሞ ከዳኛ ጋር መነታረኩን ትታለች። ቅዳሜ እነዚህ ልጆች የሚቆሙት የሚጢጢ ባነር በተሰቀለበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከእነሱ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ በልካቸው ተሥሎ ተሰቅሎላቸዋል።

ስለዚህ ከጨዋታው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ከሶፋዎ ተነስተው ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ይውረዱ። ባልዲውን በቀኝዎ አድርገው ይለፉ። ቢሸነፉ ክለቡ እንደማይዘጋ፣ ያመማት ልጅ ብትናገር፣ የደከማት ብትወድቅ፣ ማንም እንደማያባርራት በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው። አንድ ሪባን ለመቁረጥ ከሚፈጅብዎ ጊዜ አይበልጥም። ይህን ከሰሙ ያሸንፋሉ ብዬ አምናለሁ፤ ባያሸንፉም በሁለት እግራቸው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ጥሎ ማለፍ በየዓመቱ አለ።

ይህ የማይመችዎ ከሆነ ግን አስቀድሜ ላሳውቅዎ የሚገባኝ ነገር አለ። ቅዳሜ ሦስታችን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ከመስመሩ አጠገብ እንቀመጣለን። መምህርቷ የውድድሩን ደንብ ገዝታ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች፤ ጨዋታ የሚቆመው ተጫዋች ሲወድቅ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ተመልካች ሜዳ ገብቶ ቢዘረርም ይቆማል። ጥበቃዎቹ እስኪያነሱን ድረስ ልጆቹ ትንፋሽ ያገኛሉ። ቅጣቱ በልጆቹ ላይ እንዳይሆን ለዳኞቹ የምናስረዳውን ተነጋግረንበታል፤ ከሥራዬ ጋር የተያያዘው ቅጣት ደግሞ የእኔ ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ ዕጣ እንጣል ቢሉኝም አልተስማማሁም። ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው።

ባለሙያዎ ብዕሩን ይዞ እንዲመጣ ይንገሩልኝ።

እግርዎ ሳይደክም፣ ሶፋዎ ሳይጎረብጥ፣ ስብሰባዎ ሳያልቅ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮቴ ሁሉ የተረፈውን እንደያዝኩ እሰናበትዎታለሁ፤

የቀድሞ አምበልዎ፣ የአሁን ቆጣሪ አንባቢዎ
እትዬ

ግልባጭ፦
ለአሠልጣኙ (ቅዳሜ እንዳይደነግጥ)
ለጸሐፊዎ (ከስብሰባ ሲወጡ እንድታነብልዎ)
ለዕቅድና ግምገማ ባለሙያው
ለሰማያዊው ባልዲ

ጭማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሹፌርዎ ቤታችን ድረስ ጥሪ ይዞልን መጥቷል። ሚጢጢ የዓመቱ ጽኑ ተጫዋች ተብላ መመረጧን፣ የምስክር ወረቀቱንም በድርጅቱ ትልቅ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥታ ከእጅዎ እንደምትቀበል ጥሪው ይገልጻል። እናመሰግናለን። መድረኩ ደረጃ እንጂ መደገፊያ ስለሌለው፣ እርስዎ ወደ ታች መውረዱ የሚከብድዎ ከሆነ፣ እኔ፣ ነርሷና መምህርቷ በእጃችን ይዘን እናወጣታለን። ያን ጊዜ ከፊት ለፊትዎ ስለምንሆን፣ ማን ማንን እንደሚያነሳ በደንብ ይመልከቱ።